ሳሎን መሃል የተጋደመው ባኞ

ባልና ሚስት በፖለቲካ ተጣልተው ሲታረቁ አይቻለሁ። በዘመድ፣ በልጅ ስም፣ በቴሌቪዥን ሪሞት ሳይቀር ተጣልተው የታረቁ አሉ። ቤት ሲያድሱ የተጣሉትን ግን ሽማግሌም አያስታርቃቸውም። ለምን ቢባል፣ አንደኛው የሚያድሰው የሚኖርበትን ቤት ነው፤ ሌላኛው የሚያድሰው የሚያልመውን ነው። በኛ ቤት የሚያልመው እኔ ነበርኩ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤታችን ውሃ ማፍሰስ ጀመረና ከታች ያሉት ጎረቤታችን ኮርኒሳቸው እየረጠበ በትህትና ሲያንኳኩ ከረሙ። ያለ ትህትና ማንኳኳት ሲጀምሩ ለማደስ ወሰንን። የባለቤቴ የሰናይት ሐሳብ አጭር ነው፤ ደፍ የሌለው፣ በመስታወት የተከለለ ሻወር፣ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ባኞ! ሰው እንደ ሰው ጋደም ብሎ የሚታጠብበት፣ ነጭ፣ ሰፊ ባኞ። ጠዋትና ማታ ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ አገጬን እየነካ የምመላለስ ሰውዬ፣ እግሬን የምዘረጋበት አንድ ቦታ ቢኖረኝ ምን ነውር አለው? ሰናይት ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንተ ስትንቦራጨቅ እኛ በምን ልናበስል ነው አለችኝ።  እኔም በመልስ ፈንታ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ነገሩ የኔና የሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሰየው ነበር። እናቷ እማማ አስካለ አሮጌው አቃቂ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት ጉልበታቸው ከድቷቸው ግቢያቸው ውስጥ ወደቁና፣ ሰው እስኪደርስላቸው ጭቃው ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ከዚያ ወዲህ ሰናይት እንቅልፍ የላትም። ስልክ ካላነሱላት ቢሮ ውስጥ ስትቁነጠነጥ ትውላለች። እኔም አማቴን እወዳቸዋለሁ፤ ሳቅ አይያዛችሁ፣ እውነቴን ነው። ከኛ ጋር ይኑሩ ብለን ብንለምናቸው ግን እምቢ አሉ። የሰው ሸክም አልሆንም፣ ራሴን ችዬ የማልታጠብበት ቤትም አልገባም አሉ። «ሰው የሚያጥበኝ አንዴ ነው፤ እሱም ስሞት» ብለው ነገሩን ዘጉት። እንግዲህ ለዚህ ምን ይባላል?

እኔማ የምለው አላጣሁም። ሰው ለጉልበቱ ፍል ውሃ ድረስ ይሄድ የለም እንዴ? ፍል ውሃውን ቤት ድረስ ላመጣላቸው ነው! እንዲህ እያልኩ አማቴን ለራሴ ምኞት ጠበቃ አድርጌ አቆምኳቸው። ሰናይት ሥራ በሄደችበት ቀንም ባኞውን ገዝቼ መጣሁ። ጫኝ አውራጆቹ ደረጃው መታጠፊያ ላይ እኔንም ባኞውንም እየረገሙ አወጡት። መታጠቢያ ቤቱ ገና ፍርስራሽ ስለነበር ሳሎን መሃል፣ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን አስቀመጥነው። ሰናይት ማታ ስትገባ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማ አየችው። አልተቆጣችም፤ ይሄ ነው የሚያስፈራው። እሑድ እናቴን ምሳ እጠራቸዋለሁ፣ ከወደዱት ይገጠማል፣ ካልወደዱት ይመለሳል አለች። ተስማማን።

እሑድ እማማ አስካለ በባጃጅ መጡ፤ ደረጃውንም ብረቱን ይዘው ቀስ ብለው ወጡ። ባኞውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና በግ ልታደልቡ ነው እንዴ ሲሉ ጠየቁ። እኔ ስለ ሙቅ ውሃና ስለ ጉልበት ረጅም ንግግር አደረግሁ። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ እስቲ ግባና አሳየኝ አሉኝ።

ጫማዬን አወለቅሁ። የክት ሱሪዬን እንደለበስኩ ገባሁና ተጋደምኩ፤ እጄን ከራሴ ሥር አድርጌ እግሬን ዘረጋሁ። ውይ፣ ምቾቱ! ያለ ውሃም ያው ንጉሥ ነኝ። እማማም በል አሁን ውጣ አሉኝ። ጠርዙን ይዤ ብድግ ስል ወገቤ ቀጭ አለ።

በቃ። ወደ ላይም የለ፣ ወደ ታችም የለ። ሰናይት ስትጎትተኝ ጮህኩ፤ ስትለቀኝም ጮህኩ። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ኋላ ግን በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እማማ አስካለ ምግቡ መቀዝቀዙ አሳስቧቸው ወንበራቸውን ወደ ባኞው ሳቡና ያጎርሱኝ ጀመር። ዶሮ ወጥ፣ ባኞ ውስጥ፣ በአማት እጅ! እምቢ ልበል? ጎረስኩ። ጩኸቴን ሰምተው የወጡት የታችኛው ጎረቤታችን ከልጆቻቸው ጋር ሆነው ተሸክመው አወጡኝ። አልጋ ላይ ካስተኙኝ በኋላ ወደ ሳሎን ተመለሱና፣ ባኞውን ዙሪያውን ካዩ በኋላ፣ ይሄም ከኔ ራስ በላይ ውሃ ሊሞላ ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

ሐኪሙ እንዳልነቃነቅ አዘዘ። የሰናይት የዓመት ፈቃድ አልቋል። እኔ ደግሞ ያለ ሰው እርዳታ መገልበጥ አልችልም። ማን ያስታምመኝ? እማማ አስካለ ነጠላቸውን አጣጥፈው ወንበር ላይ አኖሩና ለሰናይት፣ «ልብሴን አምጪልኝ፤ ይሄን ልጅ ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አሏት። ሸክም አልሆንም ብለው አሻፈረኝ ያሉት ሴትዮ ሸክም ሲያገኙ ዓይናቸው በራ። ጉልበታቸውን እያሹ መረቅ ያቀርቡልኛል፤ ተኛ፣ ተነስ፣ ዝም በል ይሉኛል። ሰናይት ከዚያ ማታ ጀምሮ እንቅልፏን ለጥ ብላ መተኛት ጀመረች።

ሻወሩም ተሠራ፤ ደፍ የሌለው፣ መስታወትና መያዣ ብረት ያለው። እማማ አስካለ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ በሩን ከውስጥ ዘግተው፣ ራሳቸውን ይታጠባሉ። በዚያ ሻወር በሰው እጅ የታጠበ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ። ሰናይት ጀርባዬን እያሸችኝ ሳቃስት፣ እናቷ ከበሩ ውጭ፣ «አይዞህ ልጄ፣ እኔ ስሞት ያልኩትን አንተ በቁምህ አገኘኸው!» እያሉ ያበረታቱኝ ነበር። ሻጩ መልሼ አልቀበልም ስላለ ባኞውን እድራችን ወሰደው። በድግስ ቀን በረዶ ተሞልቶ ቢራና ለስላሳ ይጋደሙበታል፤ እነሱስ ሲወጡ የሚያወጣቸው አያጡም።

ወገቤ ከዳነ እንኳ ቆየ። ይሄን ለእናንተ ብቻ ነው የምናገረው። እማማ አስካለ አንዳንድ ጠዋት ነጠላቸውን ያነሱና፣ እንግዲህ ድነሃል፣ ወደ ቤቴ ልሂድ ይላሉ። ይሄኔ ወገቤን ይዤ እሰይ የሚያሰኝ ማቃሰት አቃስታለሁ። ሰናይትም ፈጠን ብላ የወገብ ቅባቱን ታቀብለኛለች።