የጋሽ ተፈራ ጉዞ

አገር ቤት ደርሶ መመለስን ጉዞ የማይለው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ጋሽ ተፈራ እንደዚያ ናቸው። ከአርባ ምንጭ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ትኩሳት ከነብርድ ብርዱ ያዛቸውና እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ክሊኒክ ወሰድኳቸው።

ነርሷ በቅርቡ ተጉዘው እንደሆነ ጠየቀች፤ አስተረጎምኩ።

«የት እሄዳለሁ ብላ ነው? ኖ በያት!»

«አርባ ምንጭስ ጋሼ?»

«እሱማ ቤቴ ነው! ሰው ቤቱ ሲገባ ተጓዘ ይባላል እንዴ?»

መዝገበ ቃላት ባሳያቸውም የሚቀበሉኝ ስላልመሰለኝ እውነቱን ለነርሷ ነገርኳት። ደማቸው ሲመረመር ወባ ተገኘ። ሐኪሟ መድኃኒት ሰጥታ፣ «ወባን ከዚህ አገር ካጠፋን ቆየን፤ የምታስተላልፈው ቢምቢ ግን አሁንም አለች። እስኪድኑ እንዳትነክሳቸው» ብላ አስጠነቀቀች።

አመሻሽ ላይ ከሕፃን የልጅ ልጃቸው ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው! አንዲት ቢምቢ ክንዳቸው ላይ ልታርፍ ስትል እጄን አነሳሁ።

«ተዪያት ልጄ፤ የአሜሪካ ቢምቢ ንጹሕ ናት።»

«ንጹሕማ ናት ጋሼ፤ እርስዎን እስክትነክስ ድረስ። በኋላ ይቺን ልጅ ብትነክስስ?»

ጋሼ ልጅቷን አዩ። ቀስ ብለው እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳቡ።

«ለካ የሚያስፈራው እኔ ነኝ!» አሉና ተነስተው ገቡ። ቢምቢ የማያሳልፈውን የወንፊት በርም ከውስጥ ዘጉ፤ ለቢምቢዋ ሲሉ።