ያልወደቀችው ጥቁር ኳስ

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ለኮሚቴው ይሁን! መንግሥት ይወድቃል፤ ፓውንድ ይወድቃል፤ በረዶ በጣለ ቀን ጳጳሱም ሳይቀሩ ይወድቃሉ። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ክበብ ኮሚቴ ግን ወድቆ አያውቅም፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ አያውቅማ።

ዘመኑ ስኑከር፣ ማለት በስቴካ ዘንግ ኳስ እየመቱ በጠረጴዛ ጠርዝ ቀዳዳ ውስጥ የመክተት ጨዋታ፣ ገና ሀብታም ያልሆነበት፣ የዓለም ባለሙያዎች ሻምፒዮና ዋንጫ በሰው መኪና ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞርበት ጊዜ ነበር። የዚያን ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ እዚሁ ዮርክሽር፣ በክበቡ አዳራሽ እንዲደረግ ተወሰነ። ውሳኔው በጥልቅ ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቢራው ርካሽ ነው።

ለፍጻሜ ከደረሱት አንዱ የክበቡ ልጅ ዊልፍ ጋርሳይድ ነበር። ዊልፍ ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸንፏል። ዓይኑ እየደከመ ነው። መነጽር አድርግ ሲሉት «ሽማግሌ ያስመስለኛል» ብሎ አሻፈረኝ አለ፤ ሽማግሌ ሳይመስል መሸነፉን መረጠ። የሚስቱ የኤድና ወንድም ሲሪል አሳና ድንች እየጠበሰ የሚሸጥበት ቤት አለው። «ዘንድሮም ከተሸነፍክ ስቴካህን ሰቅለህ እኔ ዘንድ ድንች ትልጣለህ፤ በቃ!» ብሎታል። ቀልዱን እንዳልሆነ ለማስረዳትም የዊልፍ ስም የተጠለፈበት ሽርጥ አሠርቷል። ዊልፍ ዕድሜውን ከመሬት በታች ከሰል ሲቆፍር የኖረ፣ ሞትን የናቀ ጀግና ነው። ያቺን ሽርጥ ግን በሕልሙም ይፈራት ነበር።

ፍጻሜው ተጀመረ። ተጋጣሚው ዴዝሞንድ ፕራት የሚባል፣ ጸጉሩን ቅባት ያጠጣ የለንደን ልጅ ነው። እነሱ ሲጫወቱ አዳራሹ ገበያ ሆነ፤ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ስለ ውሻው ያወራል፣ ሌላው «ሰናፍጭ ወዲህ በል!» ይላል። እንዲህ እንዲህ እያለ እኩል ለእኩል ሆነው የመጨረሻው ዙር ላይ ደረሱ። ጠረጴዛው ላይ ከነጯ ሌላ የቀረችው ጥቁሯ ኳስ ብቻ ናት። ፕራት በስድስት ነጥብ ይመራል፤ ጥቁሯ ደግሞ ሰባት ታስገኛለች። ፕራት ሊያስገባት መታትና ሳተ። ጥቁሯም ተንከባልላ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆመች። ነክቶ ማስገባት ብቻ ነው የቀረው! ዊልፍ የስቴካውን ጫፍ ጠመኔ ቀባ፤ ጎንበስ አለ።

ቃጭል ተደወለ።

«ክቡራን አባላት፣ ክቡራት የአባላት ሚስቶች» አሉ ሊቀ መንበሩ ሚስተር ኦልድሮይድ፤ «የቢንጎ ሰዓት ደርሷል።»

«አንዲት ኳስ እኮ ናት የቀረችኝ!» አለ ዊልፍ።

«ዛሬ አንድ ኳስ ከፈቀድን ነገ ሁለት ይጠየቃል።»

ነጭ ጓንት ያጠለቀው ዳኛ ፔምብሪጅ ዘሎ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ይህ እኮ የዓለም ሻምፒዮና ነው!»

«ዓለም የክበባችን አባል አይደለችም» አሉ ሊቀ መንበሩ በትሕትና። ከዚያ ወደ ዊልፍ ዞሩ። «‹ቢንጎ ለማንም ለምንም አይቆምም› የሚለውን ደንብ ለኮሚቴው ያቀረበው ማን ነበር?»

ዊልፍ ጫማውን አየ። አምና አንድ ዘፋኝ መድረኩን አልለቅ ብሎ ቢንጎው ሲቋረጥ፣ ዊልፍ ካርዱን ሞልቶ ለማሸነፍ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር የቀረው። በማግሥቱ በንዴት ጦፎ ደንቡን ያስጸደቀው እሱ ራሱ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ሳንቃው ይምጣ!»

ሳንቃ መጥቶ በስኑከር ጠረጴዛው ላይ ተነጠፈ፤ ኳሶቹ ከሥር እንዳሉ ቀሩ። ሴቶቹ የቁጥር ካርዳቸውንና ብርጭቋቸውን ይዘው ዙሪያውን ተቀመጡ። እዚህ ላይ የክበቡን ጥበብ ማድነቅ ይገባል። ግድግዳው ላይ «ሴት በዚህ ጠረጴዛ መጫወት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ አለ፤ ሴት በዚሁ ጠረጴዛ ላይ መብላት፣ መጠጣትና ቢንጎ መጫወት ግን አልተከለከለም። ሕግ ማለት እንዲህ ሲጣራ ነው።

ቁጥር ጠሪው ሲጀምር አዳራሹ ጸጥ አለ። ስለ ውሻው ያወራ የነበረው ሰውዬ ትንፋሹን ዋጠ። ከዊልፍ ጣት ጠመኔው አምልጦ ወለሉ ላይ ቀጭ ሲል መቶ ሰው «ሽሽሽ!» አለው።

«አርባ አራት!» አለ ቁጥር ጠሪው።

«ሞልቶልኛል!» ስትል ኤድና ጮኸች። ሽልማቱ አንድ ሙሉ የአሳማ ጭን ነውና ከደስታዋ ብዛት ሳንቃውን በጡጫ ነረተችው።

ድብ!

ከሳንቃው ሥር የሆነ ነገር ወደቀ። በዚያ ጸጥታ ያልሰማ የለም። ሳንቃው ሲነሣ ነጯ ኳስ እንዳለች ናት። ጥቁሯ የለችም።

«ምንም ችግር የለም» አለ ዳኛው። «አንሥቼ እንደነበረችበት ቀዳዳው አፍ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ይጫወታል።»

«እንዳትነካት!» አሉ ሚስተር ኦልድሮይድ። «ኮሚቴው ይሰብሰብ!»

ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ማለት ሁሉም በተቀመጠበት አንገቱን ወደ ሊቀ መንበሩ አዞረ። ከብዙ ሹክሹክታ በኋላ ውሳኔው ታወጀ።

«ኳሷ ወደቀች ካልን፣ የጣለቻት ሴት ናት። ሴት ደግሞ በዚህ ጠረጴዛ ልትጫወት አትችልም። ስለዚህ ኳሷ አልወደቀችም።»

አዳራሹ አጨበጨበ።

«ደግ» አለ ዳኛው እፎይ ብሎ። «እንግዲያው ልመልሳት?»

«ጭራሽ! ያልወደቀ ነገር እንዴት ይመለሳል? መመለስ ማለት ወድቃ ነበር ብሎ ማመን ነው።»

«ታዲያ ሰውዬው ምኑን ይምታ?»

«ጥቁሯን ነዋ!»

ወይ ጉድ! የሌለችውን ኳስ ቢስት ዋንጫው የፕራት ነው። ከበሩ ሥር ሲሪል ሽርጡን አጥፎ ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል። ዊልፍ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ያለችውንም የሌለችውንም ኳስ እኩል ነው የሚያያቸው፤ በዚህ በኩል ከማንም አያንስም። እጁን አረጋጋና ነጯን በስሱ መታት። ነጯ ተንከባልላ ቀዳዳው አጠገብ ስትደርስ ቀስ ብላ ቆመች።

ሚስተር ኦልድሮይድ እጃቸውን ቀዳዳው መረብ ውስጥ ሰደዱ። ፊታቸው በራ። ጥቁሯን ኳስ አውጥተው ከፍ አደረጓት።

«ገብታለች!» አሉ። «ይኸውና ማስረጃው!»

ጣራው በጩኸት ሊነሣ ምንም አልቀረው። ፕራት አፉን ከፍቶ ዳኛውን አየ፤ ዳኛው ጓንቱን አወለቀና ቢራ አዘዘ። «በለንደን ተጫዋች ነው የሚያሸንፈው» አለ ልጁ ስቴካውን እየፈታ፤ «እዚህ ግን ኮሚቴ ነው።» ሚስተር ኦልድሮይድም ስለ መልካም አስተያየቱ ከልብ አመሰገኑት።

ስለዚህ ዊልፍ ጋርሳይድ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ሲሪል ቤት ድንች ከመላጥም ዳነ። ስሙ በወርቅ ቀለም ተጽፎ ክበቡ ግድግዳ ላይ፣ ከሴቶቹ ማስታወቂያ አጠገብ ተሰቀለ። ዋንጫው ቤቱ መጥቶ ቡፌው ላይ ጉብ አለ። ሲሪልም ቂም የማያውቅ አማች ነውና ሽርጡን የደስታ መግለጫ ብሎ ላከለት።

እሑድ ዕለት የአሳማው ጭን ምድጃ ገባ። ዊልፍ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ለጎረቤት ያቺን የመጨረሻ ምት ይተርካል።

«አንተ ሰው፣ ድንቹ አልተላጠም» አለች ኤድና ከኩሽና።

«የኔ እመቤት፣ የዓለም ሻምፒዮን ድንች አይልጥም!»

ኤድና እጇን እየጠራረገች መጣች። ጡጫዋን ጨብጣ ቡፌውን አንዴ መታ አደረገችው፤ ዋንጫው ተንቀጠቀጠ።

ዊልፍ ተነሣ፤ ስሙ የተጠለፈበትን ሽርጥ አጠለቀና ቢላዋ ፍለጋ ኩሽና ገባ።