የተባረከውን ማን ይብላው?

ሰው መንገድ ሲወጣ የሚይዘውን ስንቅ ካያችሁ፣ ጠባዩን ለማወቅ ሌላ ምስክር አያስፈልጋችሁም። ችኩሉ መነኸሪያው በር ላይ ብስኩት ይገዛል። ጠርጣራው የመንገድ ምግብ ሆዴን ያመኛል ባይ ነውና ከቤቱ ድፎ ዳቦ ተሸክሞ ይመጣል። ብልጡ ደግሞ ባዶ እጁን ተሳፍሮ የጎረቤቱን ፌስታል ያያል፤ በኛ አገር መኪና ውስጥ «እንብላ» ሳይል የሚጎርስ እንደሌለ ያውቃላ! እኔ ከየትኛው እንደሆንኩ አትጠይቁኝ። ያን ቀን የያዝኩት ስንቅ የአባቴ ነበር።

አባቴ ላሊበላ ውስጥ ዳዊት ሲያስደግሙ ያረጁ ቄስ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት መጽሐፍ ሲገልጡ ፊደሉ ጭስ ይመስላቸዋል። ወልድያ ያለው ሐኪም ሊሠራላቸው ፈቅዷል፤ ግን ስኳር አለባቸውና «ስኳራቸው ካልወረደ አልነካቸውም» ብሏል። አንድ ጊዜ ሄደን ነበር። እኔ ቤት ውስጥ በስንት መከራ ያወረድኩትን ስኳር፣ ተሳፋሪው መንገድ ላይ ተባብሮ መልሶ ሰቀለው። ቄስ የተሳፈረበት መኪና እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ «አባ፣ ይባርኩልኝ» ያላለ ሰው አፉን አይከፍትም። አባቴ ደግሞ የሰው እጅ መመለስ አይሆንላቸውም። ዳቦውንም፣ ማሩንም፣ ለስላሳውንም ቀማመሱና ሳይሠሩ ተመለስን። ቤት ሲገቡ ዳዊታቸውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና ሳይገልጡት አስቀመጡት። ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል ሁለተኛ እንዲህ ሆነው አይመለሱም አልኩ።

እናም በሁለተኛው ጉዞ ስንቁን እኔ መረጥኩ። አሹቅ ባቄላ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቅቅል እንቁላልና ውሃ። አባቴ ፌስታሉን ዳሰሱት።

«ብርቄ፣ ይሄን በምን ላኝከው ነው? እኔ ጥርስ አለኝ?»

«ይምጠጡት አባባ። አፍዎ ሥራ ካልፈታ ይበቃኛል። የሰው ስጦታ ሲመጣ ደግሞ ይባርኩ እንጂ እንዳይቀምሱ።»

«የተባረከ እህል አይመለስ፣ አይጣል። ማን ሊበላው ነው?»

«እኔ!» አልኩ። ምን ያለ ድፍረት ነው በሉ።

ገና ከተማውን ሳንለቅ ሾፌሩ ሙዝ አቀበለ። አባቴ መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩና በእጄ ላይ አኖሩት፤ በላሁ። ቀጥሎ አንዱ ጎረምሳ ለስላሳ ከፈተላቸው፤ ጠጣሁ። ገሸና ላይ ከኮን ከተማ የመጣች ሴት ተሳፈረችና ማር የተቀባ ትኩስ ዳቦ ዘረጋች። ባረኩላት። ዳቦው ወደኔ ሲዞር ዓይኗ ተከትሎት መጣ።

«እርሳቸው አይቀምሱም እንዴ?»

«ሐኪም ከልክሏቸው ነው እቴ። ድርሻቸውን የምበላው እኔ ነኝ።»

«በሞትኩት! እንግዲያ ለእርሳቸው ብለሽ አንዲትም እንዳታስተርፊ» ብላ ሌላ ጨመረችልኝ።

አባቴ አፍንጫቸውን ቀሰር አድርገው «ነጭ ማር ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

«ነው አባባ።»

«የላስታ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«እስቲ ደግመሽ ቅመሺና ንገሪኝ።»

ደግሜ ቀመስኩ። የላስታ መሆኑን ስነግራቸው እሳቸው የበሉት ያህል ምራቃቸውን ዋጡ። አሳዘኑኝ፤ ግን ወይ ፍንክች! የድልብን ቁልቁለት ስንወርድ እርሳቸው አንዲት ባቄላ በድዳቸው ያንከባልላሉ፣ እኔ ቀሚሴ ጠቦኝ በአፌ እተነፍሳለሁ።

በማግስቱ ጠዋት በባዶ ሆዳችን ሐኪም ቤት ደረስን። ነርሷ ጣታቸውን ወጋ አድርጋ መሣሪያውን አየችና «ወርዷል! ዛሬ ይሠራሉ» አለች። እልልታዬን ለቀቅኩት። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ምን ገዶኝ!

«አንቺስ ተለክተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ ነርሷ። «በዘር ይመጣል እኮ።»

«እኔ አስታማሚ ነኝ» አልኳት። አስታማሚ የማይታመም ይመስል።

ለካችኝ። መሣሪያውን አየት አድርጋ ደግማ ለካችኝ። «ይሄ የትናንት ዳቦ ብቻ ያመጣው አይደለም፤ ቆይቶብሻል» አለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ነገሩን ከአባቴ ልደብቅ አስቤ ነበር፤ ለካ ሞራው ጆሯቸውን አልጋረደውም። «አበስኩ ገበርኩ!» ሲሉ ከመጋረጃው ወዲያ ሰማኋቸው።

ፋሻው ተነሥቶላቸው ስንመለስ አባቴ መስኮቱን ያዙ። የሱቁን ሁሉ ስም ያነባሉ፤ ለምን እንደማለቅስ ደግሞ ይቆጡኛል። አንድ ሽማግሌ «አባ፣ ይባርኩልኝ» ብሎ ጣፋጭ ዳቦ ሲዘረጋ፣ እጄ ለምዶበት ቀድሞ ተነሣ። አባቴ ባረኩና በራሴ ላይ አሳልፈው ለኋላው ወንበር ሰጡት።

«እናንተ ተካፈሉት። እኔና ልጄ ሐኪማችን አንድ ሆኗል» አሉ። ያን የአሹቅ ፌስታል ከጉልበታቸው አንሥተው እኔ ጉልበት ላይ አኖሩት። «በይ፣ ጥርስ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ባቄላውን ቆረጣጠምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ አንዲት ከረሜላ ቋጥሬ ነበር፤ የመጨረሻዬ ብዬ ምዬባት። ገሸና ስንቃረብ አባቴ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው «ይሄ ገብስ የማነው? እንዴት ያምራል!» ሲሉ፣ ይኸው ጊዜዋ ነው ብዬ ጣቴን ወደ ቋጠሮው ሰደድኩ።

«ብርቄ» አሉ ፊታቸውን ሳይመልሱ። በመስኮቱ መስታወት ሲያዩኝ ኖሯል። «ነጠላሽ ጫፍ ላይ የቋጠርሽው ምንድን ነው?»

ፈታሁና ሰጠኋቸው። ሰማይ ዝቅ ምድር ከፍ ቢል ብዬ፣ በስንቱ ዳቦ ሆዴን ነፍቼ ያሠራሁት ዓይን ነው፤ ምን እላለሁ?