የፕሮጀክተሩ ላስቲክ

እኛ መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ያደግን ሰዎች አዲስ ዕቃ ገዝተን ላስቲኩን መላጥ አይሆንልንም። እናንተስ? እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ፤ የቤታችሁ ሪሞት ራቁቱን ነው? የእኛ ሶፋማ ዕድሜውን ከነላስቲኩ ነው የኖረው፤ በበጋ እንግዳ ሲነሣ ላስቲኩም ከልብሱ ጋር ተጣብቆ አብሮት ይነሣል። እናቴ "እንዳይቆሽሽ ነው" ትላለች። ለማን እንደምናቆየው ግን ጠይቄያት አላውቅም።

ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህርነት የምሠለጥንበት የመጨረሻው ዓመት ነው። ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት እዚያው ሰፈሬ፣ መርካቶ ውስጥ ካለ ትምህርት ቤት ነበር። ያን ሰሞን ሠልጣኞች በዘመናዊ መሣሪያ ያስተምሩ ተብሎ ለዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ፕሮጀክተር መጣ። መጣ እንጂ ሲሠራ ያየው የለም። የንብረቱ ኃላፊ ጋሽ ታደሰ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበት ቁልፉን ደረት ኪሳቸው ከትተዋል። ስንት ለምኜ፣ ስንት ተለማምጬ ሰጡኝ መሰላችሁ!

"ልጄ፣ እንደወሰድሽው ትመልሺዋለሽ። አለዚያ ክሊራንስሽን አልፈርምም" አሉኝ። የእሳቸው ፊርማ ከሌለ ምርቃት የለም። እናቴ ደግሞ ለምርቃቴ ቀሚሷን አሰፍታ ጨርሳለች።

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከታክሲ ወርጄ፣ ፕሮጀክተሩን እንደ ሕፃን በነጠላ ጠቅልዬ አቀፍኩት። ተሸካሚው ሁሉ "ዞር በይ!" እያለ ያዋክበኛል። አንዲት ሴትዮ አዘኑልኝና "አላህ ያሳድግልሽ" አሉኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ገምጋሚው መምህሬ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠዋል። የዕለቱ ትምህርት ስለ ልብ ነው። ፕሮጀክተሩን ብከፍተው ግድግዳው ላይ የሚታየው ጉም ብቻ! "ቲቸር፣ ልቡ የታለ?" አለ አንዱ ተማሪ። የእኔው ልብ ራሱ ቀጥ ብሏል። በቃ፣ ግፊያው ሰበረብኝ፣ ምርቃቱም ቀረ ብዬ መስታወቱን በነጠላዬ ጫፍ ስወለውል አንዲት ስስ ላስቲክ ከጥግ በኩል ብድግ አለች። ሳብኳት። ቀይ፣ የሚያምር ልብ ግድግዳው ላይ ቦግ አለ! ልጆቹ ክፍሉን በጭብጨባ አናጉት፤ መምህሬም ፈገግ ብለው አንድ ነገር ጻፉ። እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ የቆየው ግን ቤተ መጻሕፍቱ እስክደርስ ነው። ጋሽ ታደሰ ዕቃውን አገላብጠው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ላስቲኩስ?"

"እሱ እኮ ምስሉን ጋርዶት ነበር፣ ጋሼ። አሁን ጥርት አድርጎ ነው የሚያሳየው።"

"ስለማሳየቱ መች ጠየቅኩሽ? ስረከበው ላስቲክ ነበረው፤ ሳስረክብም ይኖረዋል። ጡረታ ልወጣ ነው፣ ልጄ። በስተርጅና ንብረት አጎደለ ልባል?"

አናደዱኝ፤ አሳዘኑኝም። የመስታወቱን ስፋት በወረቀት ለክቼ ወደ መርካቶ ተመለስኩ። ሸምሱ የሚባል ጎረቤት አለን፤ ለሞባይል መስታወት ላስቲክ ይለጥፋል፣ መታወቂያም በላስቲክ ያሽጋል። ጭንቀቴን ስነግረው አልሳቀብኝም።

"ይቺማ ቀላል ናት፣ እህቴ። ወፈር ያለውን ላርግልሽ? የማይላጠውን?"

"ኧረ የሚላጠውን!" አልኩት ደንግጬ። ከእኔ በኋላ የሚያስተምሩ አሉ እኮ።

ጋሽ ታደሰ ላስቲኩን በገዛ እጃቸው ለጥፈው በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "አሁን ዕቃ መሰለ" ብለው ፈረሙልኝ። እዚያው እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ስወጣ፣ ፕሮጀክተሩን ለመውሰድ ተራ ለምትጠብቀው ሠልጣኝ "ጥጉን ይዘሽ ሳቢው፤ ስትመልሺ መርካቶ፣ ሸምሱ ጋ እለፊ" ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት።

ተመረቅኩላችሁ። በማግስቱ ዲግሪዬን በነጠላ ጠቅልዬ ሸምሱ ጋ ሄድኩ።

"ላስቲክ አልብስልኝ" አልኩት።

"የሚላጠውን?"

"ኧረ የማይላጠውን!"