ለማንም ያልነገርኩት ቃል

ማንበብ የማይችል ሰው መስማትም የማይችል የሚመስላቸው አሉ። ምናልባት እናንተም አንዳንዴ እንደዚያ ታስቡ ይሆናል፤ አልቀየማችሁም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ንግግርም አላበዛም። ጎፋ፣ የከባድ መኪና መለዋወጫ መጋዘን በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ስኖር ግን ጆሮዬ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

መጋዘኑ ኮምፒውተር ያስገባ ጊዜ፣ እሱ ላይ ልትሠራ የመጣችው ሰናይት ናት። ቀጭን፣ እልኸኛ ልጅ። ምሳዋን የምትበላው እኔ ዘበኛ ቤት ነበር። ቢሮ ወሬ ይበዛል ትላለች። እኔ ዘንድ ምን ወሬ አለ?

አንድ ሰኞ አሥራ ሁለት ጎማ ጠፋ። ከመጋዘኑም፣ ከኮምፒውተሩ መዝገብም። ሥራ አስኪያጁ ጠራትና፣ መዝገቡን የሚከፍተው ፓስወርድ ያለው አንቺ ጋ ብቻ ነው፣ ሌላ ማን ሊነካው ይችላል? አላት። ቀዳዳ ካለው ድፈኚው፣ ዳግመኛ ከተነካ ግን ሥራሽን ፈልጊ አላት። ያኔ የስድስት ወር እርጉዝ ናት።

አላለቀሰችም። በማግሥቱ ምሳዋን እየቆረሰች፣ "አገኘሁት አባባ" አለችኝ። ለካ በየጠዋቱ መዝገቡን የሚያወጣው ፕሮግራም ውስጥ ፓስወርዱን በግልጽ ጽፋዋለች። ፕሮግራሙ እንደ ደብዳቤ ነው፤ የከፈተው ሁሉ ያነበዋል። ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ መሄድ በሉት። ማን አነበበው? እሱ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አልኳት።

የተፈጨ ነገር አለ አለች። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ነው፤ ማሽኑ ራሱ ይፈጨዋል፤ ከተፈጨ ወዲያ ሰው ከፍቶ አያነበውም። ፓስወርዱን እሱ አመሰቃቅሎ ይቆልፍበታል። የሷ ደብዳቤ ሲያስፈልገው ይጠይቀዋል፤ እሱ ይሰጠዋል። ደብዳቤው ላይ የሚቀረው ጥያቄው ብቻ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ በተነሳ ቁጥር ደግሞ ቁልፉ አንድ ዋና ቃል ይጠይቃል። ገባህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጤፍና ዱቄት ለይቼ አውቃለሁ፤ ያ በቃኝ።

ችግሩ ደብዳቤውና የተፈጨው ቋንቋ ለቋንቋ አይግባቡም። መሀላቸው አስተርጓሚ መሥራት ነበረባት። ሁለት ሳምንት ለፋች። እግሯ አብጦ፣ ጫማዋን አውልቃ ስትሠራ አይቻታለሁ። አርብ ዕለት "አለቀ!" አለች። ዋናውን ቃል ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው። አለቃ ነው፤ ምን ታድርግ?

እሱ ሆዬ ስልክ አነሳ። ሲቀር የሚተካው የፉሪው መጋዘን ኃላፊ ነውና ሊነግረው። የዚያን ጊዜ ስልክ ታውቁታላችሁ፤ ካልጮኹበት አይሰማም። "ኤ! የአበበ ኤ! ኤም! የሙሉጌታ ኤም!" ቃሉን ፊደል በፊደል ሲያስቆጥረው ግቢው ተናወጠ። በር ላይ ድንች የምትሸጠው ሴት ሳትቀር፣ "አባባ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ተቀጠሩ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሰናይት ዕለቱን ቃሉን ለወጠችው። አዲሱን ለኔ በጆሮዬ ነገረችኝ። አምስት ቃል ናት፤ እንደ ጸሎት ይዣታለሁ። "ካልሞትኩ በቀር ለማንም" አለችኝ። "ለማንም" አልኳት።

ወራት አለፉ። ለመውለድ በወጣች በአራተኛው ቀን መብራት ሄዶ መጣ። ማሽኑ ዋናውን ቃል ጠየቀ። ሥራ አስኪያጁ የሚያውቀውን ቢሞክር እምቢ። ጸሐፊዋ ብትሞክር እምቢ። ግቢው ዕቃ በሚጠብቅ መኪና ተሞላ። በመጨረሻ ሰናይት ምሳዋን እኔ ጋ እንደምትበላ ሰው ሹክ ብሎት መሰለኝ፣ ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ።

"አባባ፣ ቃሉን ነግራዎታለች?"

መዋሸት አልወድም። "አዎ።"

"ይንገሩኛ!"

"ሞታለች?"

"ኧረ ምን ሟርት ነው! ወለደች እንጂ፣ ወንድ ልጅ!"

"እሰይ! እንግዲያው አልናገርም። ካልሞትኩ በቀር ለማንም ብላኛለች።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "አባርርዎታለሁ!"

"ያባሩኝ። ነግሬዎት ቃሉ ቢሰማ፣ ነገ ጎማ ቢጠፋ የምትባረረው እሷ ናት። ቤቷ ለቡ ነው፤ መኪና ያስነሡና እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው ይጠይቋት።"

"ለማንም ያለችው ለሌላው ሰው ነው! እኔ ሥራ አስኪያጁ ነኝ!"

"አውቃለሁ ጌታዬ። ሌላውን 'ማንም' ብላ ነው ያለፈችው። በስም የጠራችው እርስዎን ብቻ ነው።"