ቦራ ዋስ የተጠራበት ቀን

ለበጎ ያድርገውና፣ ትናንት ሌሊት በሕልሜ ፈረስ ሁሉ ባለ መታወቂያ፣ ሰው ሁሉ ጠያቂ የሌለው ሆኖ አየሁ።

የልጄን የደምሰውን ልጅ፣ ትርሲትን፣ እጇን ይዤ በአስፋልቱ ዳር እሄዳለሁ። ብርድ ነው፤ ሹራብሽን ቆልፊ ብላት እምቢ ብላኛለች። ጋሪዎች ያልፋሉ። የሚጎትቱት ሰዎች ነበሩ፤ ፈረሶቹ ጃንጥላ ዘርግተው ከላይ ተቀምጠዋል። የዕድራችን ጸሐፊ አቶ ወንድይፍራው ልጓም ጎርሶ ዳገቱን ሲጎትት አየሁት። በስብሰባ አርፎ የማያውቅ አፍ በልጓም ተይዞ ሳይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ።

ዞር ብል ትርሲት የለችም። በእጄ የቀረው የሹራቧ እጅጌ ብቻ ነው።

«ልጄን! ልጄን ያያችሁ!»

አንድ አምባላይ ፈረስ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «ስትባዝን ተይዛ በረት ገብታለች። እስከ ስድስት ሰዓት የኔ ናት የሚል ካልመጣ ለፈለጋት ትሰጣለች።»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሮጥኩ። ጉልበቴ በሕልምም ያመኛል።

በረቱ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። ጸሐፊዎቹ ከመስኮቱ ውጪ ተሰልፈው ባለጉዳይ ይለምናሉ፤ ባለጉዳዮቹ ፈረሶች ውስጥ ተቀምጠው «ነገ ተመለሱ» ይሏቸዋል። አንዲት ባዝራ በድምፅ ማጉያ ትለፈልፋለች፦

«መታወቂያ ያለው ፈረስ ቢጠፋ ይገኛል! ቢሰረቅ ይመለሳል! ቢታመም የት እንደዋለ ታውቆ ሌላው ይድናል! አርጅቶ ቢጣል፣ የጣለው ሰው በስሙ ይጠራል!»

ፈረሶቹ ወለሉን በኮቴ ደበደቡት።

አንዲት በቅሎ በአንድ ጸሐፊ ፎርም ታስሞላለች።

«የአባት ስም?»

«አህያ!» አለች ደረቷን ነፍታ። ጸሐፊው እልል አለ። በቅሎ አባቷን ስትጠየቅ እናቷን እንደምትጠራ ነበር የማውቀው።

ትርሲት ከአጥሩ ወዲያ ከባዘኑት ልጆች መሃል ቆማ ገለባ ታኝካለች።

«እማማ፣ ይጣፍጣል!»

«ትፊው! ሆድሽን ይነፋሻል!»

ያው አምባላይ አሁን ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል።

«ጌታዬ፣ የልጅ ልጄ ናት። እኔ ነኝ ያሳደግኳት» አልኩት።

«ጆሮሽን አሳዪ።»

አሳየሁት።

«ቁጥር የለሽም። አንቺ ራስሽ የማን እንደሆንሽ ሳይታወቅ፣ እሷ ያንቺ መሆኗ በምን ይታወቃል? መታወቂያ ያለው ፈረስ ዋስ ጥሪ።»

እኔ የማውቀው ፈረስ ቦራን ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጋሪያችንን ጎትቶ ማነከስ ሲጀምር፣ ደምሰው አምና እንደ ሌላው ባለጋሪ አስፋልት ላይ ለቆት መጣ። እኔም «ይበርደው ይሆን?» ከማለት በቀር ምንም አልተናገርኩም።

ጠራሁት። እያነከሰ መጣ፤ መታወቂያው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፎቶውን በክራባት ተነስቶታል።

«ታውቃቸዋለህ?» አለው ዳኛው።

ቦራ ትርሲትን አሸተታት። «ልጅቷን አውቃታለሁ። ስኳር ታጎርሰኝ ነበር። ልቀቋት።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ ቦራ!» አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ፈረስ ጋሼ ብዬ አላውቅም።

«አሮጊቷስ?»

ቦራ ከላይ እስከ ታች ቃኘኝ። ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

«አርጅታለች። አስፋልት ላይ ጣሏት። እነሱ ቤት ልማዱ እንዲያ ነው።»

«ግድ የለም፣ ጣሉኝ» አልኩ። «ብቻ ልጅቷን ቤት አድርሱልኝ፤ መንገድ ስትሻገር ግራ ቀኝ አታይም...»

ትኩስ ትንፋሽ ፊቴን መታኝና ነቃሁ። ቦራ አልጋዬ ራስጌ ቆሟል፤ እውነተኛው ቦራ፣ አጥንቱ ገጦ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ደምሰው ከኋላው ይገፋዋል።

«እማዬ፣ ተነሺ ቶሎ! ለፈረስ መታወቂያ የሚሰጡት መዝጋቢዎች ታች ሰፈር ደርሰዋል። የጋሪው ታርጋ በኔ ስም ነው፤ ፈረሱስ የታለ ይሉኛል። ከየት ከየት ፈልጌ እንዳመጣሁት!»

«እዚህ ምን ያደርጋል ታዲያ?»

«ማደሪያውንም ያያሉ አሉ። ጋጣውን ለፀጉር ቤት አከራይተነው የለ? እዚህ ነው የሚያድረው እላቸዋለሁ።»

«እኔስ?»

«አንቺ እስኪሄዱ መንገድ ዳር ተቀመጪ» አለኝ፣ ትራሴን ከቦራ እግር ስር እያነሳ። «የማን ነሽ ካሉሽ፣ አታውቂንም።»