ጋሼ ጀማነህ ራስ ዳሸንን በሞርስ ሮድ ክሎዜት ውስጥ የወጡበት ዜና

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ መስከረም፣ ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ከወንድሙ በሚሸሽበት በዘመነ ማስክ፣ የሽንት ቤት ወረቀት ከገበያ ጠፍቶ ዳግመኛ በተገኘ ማግሥት፣ እንደ ትሪ በተዘረጋችው በኦሃዮ ምድር፣ በኮሎምበስ ከተማ፣ ከሞርስ ሮድ ጀርባ ባለው አፓርትመንት፣ የፍሪዘሩ ጌታ፣ የፎርክሊፍቱ ጋላቢ፣ ስመ ጥሩው ጋሼ ጀማነህ ዘብሔረ ጉለሌ ራስ ዳሸንን ወጡ። ይህን ዜና የጻፍኩ እኔ ምንያህል፣ ከታች ፎቅ የምኖር ጸሐፌ ትእዛዛቸው፣ ግማሹን ከአፋቸው፣ ግማሹን በጣሪያዬ በኩል ሰምቼ ነው።

ወነገሩስ እንዲህ ነው። ጋሼ ጀማነህ በአገራቸው ሳሉ የወጡት ተራራ እንጦጦ ብቻ ነበር፤ እርሱንም በታክሲ ወጥተው፣ ራሳቸውን ቢያማቸው በዚያው ታክሲ ወረዱ። ዲቪ ባሕር አሻግሮ ወደ ኦሃዮ ባመጣቸው ጊዜ ግን ምድሩ ለወጉ ያህል እንኳ ኮረብታ እንደሌለው አይተው፣ ልባቸው በአገራቸው ተራሮች ታበየ፤ ፎርክሊፍት በሚነዱበት የፍሪዘር መጋዘን፣ በዌርሃውሱም የዕረፍት ሰዓት ስለ ዋልያው ቀንድ፣ ስለ ጭላዳው ጎፈር፣ ስለ ጅብራው ቁመት፣ ስለ ላሊበላ ውቅር፣ ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ ይሰብኩ ጀመር፤ ወሬውም ሲደጋገም፣ መጀመሪያ «ይባላል» የነበረው፣ ቀጥሎ «አይቻለሁ» ሆነ፣ በመጨረሻም «ወጥቻለሁ» ላይ ደርሶ ዐረፈ።

ልጃቸው ፀደይም፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ፣ በኮምፒውተር በሚሰጠው ትምህርት ላይ የአባቷን ድል ለክፍሏ አወጀች። ብራንደን የተባለ፣ አባቱ የኮሎራዶን ተራራ የወጣለት ብላቴና፣ ይህን ሰምቶ ተቆጣና «ፕሩቭ ኢት!» ብሎ፣ አረጋግጪ ሲል፣ ዐዋጅ መለሰ። መምህርቷ ሚስ ዶነሊም፣ አባትየው ሐሙስ ቀርበው የተራራማይቱን አገር ድንቅ ድንቅ ነገር ለክፍሉ እንዲያስረዱ አዘዙ። ሳያስረዱ ቢቀሩ ፀደይ ዓመቱን ሙሉ ውሸታሟ ተብላ ልትጠራ ነው። ጀግናው የልጃቸው ስም በእጃቸው መውደቁን ዐወቁ።

ስለዚህም ክተት ዐወጁ። ከተው የመጡትም እነዚህ ናቸው፦ ባለቤታቸው እትዬ እናናዬ፣ የሠራዊቱ ስንቅ አዛዥ፤ ጎረቤታቸው ኡበይዳ ዘወሎ፣ የኡበር ነጂ፣ ተሳፋሪ ከጠፋ ወዲህ ሥራ የፈታ፣ በክንዱ ቬንቲሌተር፣ የነፋስ ማራገቢያ፣ የታቀፈ፤ ደግሞም አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ የመኝታ ቤት መብራት። ለተጓዦች ከተሰናዳ ድረ ገጽ የራስ ዳሸንን ፎቶ አውርደው የዙም ባክግራውንድ፣ ከኋላቸው የሚታይ ሥዕል፣ አደረጉት። የጦሩም ሜዳ ክሎዜቱ፣ የልብስ ማስቀመጫው ጓዳ፣ ሆነ፤ ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ባዶ ግድግዳ ያለው እርሱ ብቻ ነበርና።

ወሶበ በጽሐ ሐሙስ፣ ጋሼ ጀማነህ ጋቢ ደርበው በስክሪኑ ላይ ተገለጡ። ሚስ ዶነሊ ከኋላቸው ተራራውን ባዩ ጊዜ ደረታቸውን ይዘው «ለእኛ ብለው እዚያ ድረስ ወጡ! ልጆች፣ ሚስተር ጀማነህ በዚህች ሰዓት ተራራው ላይ ናቸው!» ሲሉ ዐወጁ። ያን ጊዜ «ሥዕል ነው» ማለት በቂ ነበር። ዳሩ ግን መምህርን በተማሪዎቿ ፊት ተሳስተሻል ማለት በጉለሌ ሕግ ነውር ነው፤ ይሉኝታም ጀግናውን አንቆ ያዛቸው፤ ስለዚህ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያች ንቅናቄ ከኦሃዮ ተነሥተው ከባሕር ጠለል በላይ አራት ሺህ ምናምን ሜትር ወጡ፤ እግራቸው ግን አልደከመም።

ኡበይዳም ቬንቲሌተሩን ለኮሰ፤ የተራራም ነፋስ ነፈሰ። ጋቢው ሲውለበለብ ዙም ሥዕሉ የቱ፣ ሰውየው የቱ እንደሆነ ጠፋበትና ከአንገታቸው በታች ያለውን ዋጠው፤ ራሳቸው ብቻ በሰማይ ተንሳፈፈ፤ ክፍሉም ስለ ደመናው ብዛት ተደነቀ። ባትሪው ያለቀበት የጭስ አላርም ጢው ባለ ጊዜ «ይህች የተራራ ወፍ ናት» ብለው አስተማሩ። ስለ ብርዱ ሲጠየቁም «እስትንፋስ ጢም ላይ ይጋገራል፤ ጓንቱን ያወለቀ ጣቱን ይሰናበት!» ብለው ዐወጁ፤ ይህስ እውነት ነበር፤ በፍሪዘሩ ውስጥ ዘወትር የሚያዩት ነውና። አንዲት ተማሪ ሹራብ ልታመጣ ተነሣች።

እትዬ እናናዬ ግን ባላቸው ጉሮሯቸው ደርቆ ሲናገሩ መስማት አላስቻላቸውም፤ ስለዚህ አምባር ያጠለቀ እጅ ሻይ ይዞ ከተራራው ወገብ ብቅ አለ። ልጆቹ ጮኹ። ጀግናው ሻዩን ተቀብለው ፉት አሉና «የአገሬ ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው፤ የትም ብትወጣ ሻይ አታጣም!» ሲሉ ዐወጁ።

ወእምዝ ብራንደን ተነሣ፤ እርሱ ሞኝ አልነበረም። «ካሜራውን ያዙሩትና ገደሉን ያሳዩን!» ብሎ ዐወጀ፤ የክፍሉም ሠራዊት ሁሉ «ሾው አስ! ሾው አስ!» እያለ ተከተለው። ከካሜራው ወዲያ የነበረው ግን የሩዝ ከረጢት፣ ቫኪዩም ክሊነር፣ እና ሽርጥ ያገለደመ ኡበይዳ ነበር። ጋሼ ጀማነህ ሻዩን ደግመው ፉት አሉ፤ ሚስ ዶነሊ በፈገግታ ይጠብቁ ነበር።

በዚያን ጊዜ ፀደይ ከመኝታ ቤቷ፣ በታብሌቷ ላይ፣ «ጋይስ፣ ዘ ፎግ ኢዝ ካሚንግ! ማይ ዳድ ሃዝ ቱ ጎ ዳውን ናው!» ስትል ዐወጀች፤ ትርጓሜውም ጉሙ እየመጣ ነውና አባቴ አሁኑኑ ይውረድ ማለት ነው። ይህንም ብላ በካልሲ ሳሎኑን አቋርጣ ሮጠች፤ የራውተሩንም ገመድ ከነሶኬቱ ነቀለች። ራስ ዳሸን ጠፋ። የእኔም ኢንተርኔት አብሮ ጠፋ፤ የእነርሱን ፓስወርድ ነው የምጠቀመው።

በማግሥቱ ሚስ ዶነሊ ክፍሉ ተራራውን በዓይኑ ማየቱን በኢሜይል ዐወጁ፤ ብራንደንም ጀግናው አባቱን ይዘውለት እንዲወጡ ለመነ። ጋሼ ጀማነህ ግን አልደላቸውም፤ ልጃቸውን ጠርተው እውነቱን ሊነግሯት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፀደይ አስቀድማ «ዳድ፣ አይ ኖው። ማም ቶልድ ሚ ኤቭሪቲንግ፣ ላይክ፣ ሎንግ አጎ። በት ኔክስት ታይም፣ ሪል ማውንተን። ቱጌዘር፣ ኦኬ?» ስትል የመጨረሻውን ዐዋጅ ዐወጀች። ሁሉን ከእናቷ ከሰማች ቆይታለች፤ ዐውቃ ነው በአባቷ የኮራችው፤ ለሌላ ጊዜ ግን እውነተኛ ተራራ አብረን እንውጣ ማለቷ ነው። ጀግናውም «ኦኬ» ብቻ አሉ፤ ዕንባቸውም ጢማቸው ላይ ወረደ፤ አልተጋገረም።

እንግዲህ ስማቸው ከፍ ከፍ ይበል፤ ርስት ባይኖራቸው ጉራቸውን ለልጃቸው ያወረሱ፣ ልጃቸውም ከነወለዱ የተቀበለቻቸው ጋሼ ጀማነህ! አንተም ራስ ዳሸን ሆይ፣ ከቦታህ እንዳትነቃነቅ፤ ገና ያልረገጡህ ጀግና ከነልጃቸው እየመጡ ነው።